ባለቤቴን ለማሳቅ የወጣሁበት መድረክ

ባለቤቴ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከተጋባን በስድስተኛው ዓመት ነው። ያሳቅሁት ግን እኔ አልነበርኩም።

ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እሱ ካረፈ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። እጄ እንደ ድሮው አይታዘዝልኝም፤ ዓይኔም ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። ልጆቼ "ስለ አባባ ደግ ደጉን ጻፊ" ይሉኛል። ደግነቱን ሸዋ ሮቢት ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዚያ የእኔ ብዕር አያስፈልግም። እኔ የምጽፈው ሌላ ሰው የማያውቀውን ነው። በሳቁ ስቀና ነው የኖርኩት።

ልብስ ሰፊ ነበር። በልጅነቱ ከመንዝ ወርዶ እኛ ቆላ ቀረ። ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጡት አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ይሠራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሦስት መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ይውላል። መርፌ በአፉ የያዘ ሰው አያወራም፤ አይስቅምም። መርፌው በሌለበት በእሑድ ቀን እንኳ ከንፈሩን እንደገጠመ ነው። ደስ ሲለው ዓይኑ ጠበብ ይላል፣ በቃ። እኔም ተፈጥሮው ነው ብዬ ተቀብዬ ነበር። ለማንም የማይስቅ ባል አያስቀናም።

እንዲህ እያልን ደርግ መጣ፤ ቀበሌም ተቋቋመ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ስለነበር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አደረጉኝ። እሑድ እሑድ ሁላችንም አዳራሽ እንሰበሰባለን። ሴቶች በቀኝ፣ ወንዶች በግራ፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከውጭ የሮቢት ፀሐይ። ያልመጣ ሰው በማግስቱ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ወደ በሯ ላለማየት ሁላችንም ለምደናል። መጀመሪያ ጽሑፍ ይነበባል፣ ቀጥሎ ውይይት፣ ከዚያ የቀበሌው ኪነት ይዘፍናል። ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ በኪነት ይሳተፍ የሚል መመሪያ ከአውራጃ መጣ ተባለና በየሁለት ሳምንቱ መድረኩ ለፈለገ ሰው ክፍት ሆነ። ነጻ መድረክ አሉት። አንዱ ይፎክራል፣ አንዷ ግጥም ታነባለች፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጅብና አህያ ሲገናኙ በድምፅ ብቻ ያሳያል።

ልጅቷ የወጣችው ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ ነው። ከኪነቱ ልጆች አንዷ ነበረች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ከአጣዬ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው። አጭር ናት፤ የፊት ጥርሷ ሸረፍ ያለ። ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ለቆንጆ የሚስቅ ወንድ መች ጠፋ።

ጣርማ በር ላይ አውቶቡስ የተሳፈረ ደገኛ ሆና ወጣች። በላይ በላዩ የደረበችው ልብስ ገላዋን በርሜል አስመስሎታል። ደብረ ሲና ሲደርስ በርኖሱን አወለቀች። አርማንያ ላይ ጋቢውን፣ ከዚያ ካፖርቱን። እያንዳንዱን ስታወልቅ አጣጥፋ አጠገቧ ላለው መንገደኛ "አደራ" ትላለች፤ መንገደኛው በልብስ ተቀብሮ መተንፈስ አቃተው። ሮቢት ስትደርስ በሸሚዝ ቀረች። ደረቷን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ "ሾፌር፣ እዚሁ አውርደኝ" አለች። "ካራቆሬ ድረስ ከሄድኩ የሚወልቀው ቆዳዬ ነው።"

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ያስነጠሰ መሰለኝ። ማስነጠስ አልነበረም። ዞር ብዬ ሳይ ባለቤቴ ግንባሩን ፊቱ ባለው አግዳሚ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቀና አለና አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ሳቀ። ጎረቤቴ ሽንኩርት ነጋዴዋ አጠገቤ ነበረች። በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"ያ ያንቺ ባል አይደለም?"

"አይደለም" አልኳት።

ቤት ገብተን ምሳ እስክናቀርብ እንኳ አልታገሥኩም።

"ምን አሳቀህ?"

"ልጅቷ።"

"ምኗ?"

"እንጃ። እኔም ስመጣ ልክ እንደዚያ ነበርኩ። ጋቢዬን ለማላውቀው ሰው አደራ ሰጥቼ እዚያው አውቶቡስ ላይ ቀረ።"

ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እንዴት እንደመጣ ነግሮኝ አያውቅም። ልጅቷ በአንድ እሑድ አወጣችው።

ያን ሳምንት ሙሉ ልሞክር አልኩ። ገበያ የሰማሁትን፣ ተማሪዎቼ ያሉትን እየለቀምኩ ምሳ ላይ እነግረዋለሁ። እጁን ታጥቦ፣ በጥሞና ሰምቶ፣ "ከዚያስ?" ይለኛል።

"አለቀ።"

"እ" ይልና ይጎርሳል።

ዓርብ ዕለት አንጀቴ አላስችል ብሎኝ የልጅቷን የአውቶቡስ ቀልድ ራሱን ደገምኩለት። በርኖሱንም ጋቢውንም ሳላስቀር። ዓይኑ ትንሽ ጠበብ አለ፤ ተስፋ አደረግሁ።

"እሷ ስታወራው ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ አያኮራኝም። ልጅቷ ለመድረክ የምትለብሰው ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። በእኛ ቤት ደንቡ፣ ሴት ደንበኛ ስትመጣ እሱ በእጁ አይለካም። እኔን ያስጠራኛል፤ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የምጠራለትን ቁጥር ይጽፋል። የወረዳው ሴት ሁሉ ያመነው በዚህ ነው። ልጅቷ ቆማ ስትለካ አፏ አላረፈም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ለእሱ ታወራለች።

"ጋሼ፣ አጥብቀህ እንዳትሰፋው። አንዴ ጭብጨባ ከሰማሁ እሰፋለሁ።"

ፊቱን አላየሁትም፤ ማጅራቱ ግን ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየሳቀ ነበር።

"ወገብ?" አለኝ።

ሜትሩ ስልሳ አራት ይላል። "ዘጠና ስድስት" አልኩ።

እርሳሱ ቆመ። እሱ ከመንገዱ ማዶ የሚያልፍን ሰው ልክ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ነው። ለትንሽ ጊዜ የአውቶቡሶቹን አቧራ አየና ጻፈ።

"ደረት?"

"መቶ አሥር።"

እሱንም ጻፈው፤ ቁመቱንም እንዲሁ ጨምሬ ጠራሁለት። እንደጠራሁለት ቆረጠ፤ እንደጠራሁለት ሰፋ። ኋላ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው "አንቺ የለካሽውን በደንበኛ ፊት ላርም?" አለኝ። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በሕዝብ ፊት ከረጢት ለብሳ ስትቆም ይታየኝ ነበር።

ለብሳው ወጣች። ቀሚሱ መሬት ይጠርጋል፤ ውስጡ ሌላ ሁለት ሰው ይይዛል። በዚያ ላይ አንድም ነገር አላስተካከለችም። በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛ፣ የሀብታም ነጋዴ ሚስት ሆና፣ ቀስ ብላ እስከ መድረኩ ጫፍ መጣች። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለች። "የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ስይዝ ልኬ ነበር።"

ሰዉ መጀመሪያ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ልማዳችን ነው፤ እሱ ሳይስቅ የሚስቅ የለም። ሊቀመንበሩ ፊቱን ሊያጠቁር ሞከረ፤ አልቻለም። አዳራሹ ተናጋ። ባለቤቴ በመሐረቡ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። በክፋት የጨመርኩት ጨርቅ ሁሉ ሳቅ ሆኖላት አረፈው።

በማግስቱ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርቷን ጆንያ ላይ ዘርግታ የበሰበሰውን ትለቅማለች።

"እትዬ፣ ለነጻ መድረክ ልመዘገብ ነው።"

"ልትዘፍኚ?"

"ቀልድ ልናገር።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ባሌን ላስቀው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ወላሂ አብደሻል። ባልን ማሳቅ ብትፈልጊ ብብቱ ሥር ኩርኩር አድርጊው። ለዚህ ሕዝብ መሰብሰብ ያስፈልጋል?"

"ቤት አይስቅም።"

"ቤት የማይስቅ ወንድ ብርቅ ነው? የእኔው ሲሞት ነው ጥርሱን ያየሁት፤ አላህ ይማረው።" አንድ ሽንኩርት ወርውራ ጣለች። "ስለምንድነው የምታወሪው?"

"ስለ እሱ ነዋ። ሌላ ምን አውቃለሁ?"

"በይ እንግዲህ" አለች። "ያሳቀሽው እንደሆነ ነይና እኔንም አስቂኝ።"

እውነትም ሌላ የማውቀው አልነበረም። ተማሪዎቼ ከሄዱ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ እየቀረሁ አጠና ጀመር። ሰው ፊት መቆም አይከብደኝም፤ በዕድሜ እናቶቼ የሚሆኑ ሴቶችን ፊደል አስቆጥር ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት። ያ አፉን ከፍቶ የሚስቀው ሰው አንድ ጊዜ ለእኔ እንዲስቅ። ሌላው ሕዝብ ቢስቅም ባይስቅም ግድ አልነበረኝም።

ለመመዝገብ ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ሄድኩ። መዝገቡ ላይ ዘፈን፣ ግጥም፣ ፉከራ የሚሉ ረድፎች ነበሩ።

"የቱ ጋ ልጻፍሽ?"

"የትኛውም አይደለም። ስለ ባለቤቴ የምናገረው አለኝ።"

"ስለ ባለቤትሽ።" ብዕሩን አፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ። "በሕዝብ ፊት?"

"አዎ።"

"ጎበዝ፣ ጓድ" አለና ከረድፎቹ ውጭ፣ ከታች፣ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። ማንበብ የማስተምረው እኔ አንገቴን አስግጌ ሳላነብ ወጣሁ።

የዚያ እሑድ ጽሑፍ ስለ ሴቶች ጭቆና ነበር። ሊቀመንበሩ አንድ ሰዓት ያህል አነበበው። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ያራግባሉ። ውይይቱ አልቆ ኪነቱ ሁለት ዘፈን ዘፈነና እኔ ተጠራሁ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። አስተማሪነቴም ጥናቴም ጠፋብኝ፤ አፌ የለመደውን አወጣ።

"አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።"

አዳራሹ ወዲያው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ስህተቴ እዚያ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቀልድ ተናግሮ አያውቅም።

ባለቤቴ በሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበር። እኔ ከቤት ውጭ "እሳቸው" ነው የምለው፤ እንደዚያው ቀጠልኩ።

"ባለቤቴ በቀን ሦስት ቃል ይናገራሉ። ጠዋት 'ሄድኩ'፣ ማታ 'መጣሁ'፣ ምሳ ላይ 'እ'። ሦስተኛው ቃል ከሆነ ነው እንግዲህ።"

ቆም አልኩ። ልጅቷ እንደዚያ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ሳቁ የሚገባው እዚያ ነው። ምንም የለም። ከሴቶቹ በኩል ከንፈር ሲመጠጥ ሰማሁ።

"ሲያጩኝ ሽማግሌ ልከው ነው። ወጉ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ሽማግሌ የላኩት እሳቸው እንዳይናገሩ ኖሯል።"

"ምስኪን" አለች አንዲት አሮጊት፣ ተማሪዬ ናት።

"ባለፈው ክረምት ቤታችን እባብ ገባ። ከእህል ማስቀመጫው ሥር ተጠቅልሎ አየሁትና ጮህኩ። እሳቸው እዚያው ተቀምጠዋል። 'አላዩትም ወይ?' ስላቸው፣ 'ከጠዋት ጀምሮ አለ' አሉኝ።"

"አይዞሽ ልጄ" አለች አሮጊቷ።

አንድ ሰው ብቻ ሳቀ። ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው አጠገብ፣ ያቺው ልጅ። አፏን በእጇ አፍና ትንፈቀፈቃለች። አንድ የጥበቃ ጓድ ዞር ብሎ "ጓዲት፣ ቁም ነገር ነው የሚወራው" ብሎ ገሠጻት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የገባት እሷ መሆኗ ከዝምታው ይበልጥ አቃጠለኝ።

ጸሐፊው ጥግ ላይ ይጽፋል። የብዕሩ ድምፅ ይሰማኛል። ያኔ መውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን ሳላጠናው አንድ ነገር ጨመርኩ።

"ሲስቁ የሰማሁት እዚህ አዳራሽ ነው" አልኩ። "ስድስት ዓመት ቆይቼ፣ ከእናንተ ጋር።"

ይቺኛዋ ቀልድ አልነበረችም፤ አመለጠችኝ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ተነፈሱ። ባለቤቴን አየሁት። ከንፈሩን ገጥሟል፤ ዓይኑ ከእኔ ላይ ሳይሆን ከጸሐፊው እጅ ላይ ነው።

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሁሉም አጨበጨበ። የጠበቅሁት ጭብጨባ እንደዚያ አልነበረም።

"ጓዶች፣ የዛሬውን ትምህርት በተግባር ያዋለች ጓድ አየን። ባለቤቷን በድፍረት ሂስ አድርጋለች።"

"ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ፣ "ቀልድ ነው።"

"ትግል ቀልድ አይደለም" አለኝ፤ በደግነት ነው ያለኝ። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረ። "ሂስ የተሰጠው ጓድ ግለሂስ ያድርግ።"

 ሂስ ያኔ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። የተሰጠው ሰው ካልተቀበለ ድርቅና ነው፤ ከተቀበለ ጥፋት ነው፤ ሁለቱም ይጻፋል። ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ክፍል ትዝ አለችኝ። ላስቀው ወጥቼ አስያዝኩት አልኩ በልቤ።

ባለቤቴ ተነሣ። የኮቱ ኮሌታ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቷል። ነቀለና አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው አስያዘ፤ ከዚያ በቀስታ መድረኩ ላይ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የቀረበብኝ ሂስ ትክክል ነው" አለ። "ግን ጉድለት አለበት።"

ጸሐፊው ቀና አለ።

"በቀን ሦስት ቃል የተባለው ተጋኗል። እሑድን አይጨምርም።"

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እባቡን በተመለከተ፣ አይቼዋለሁ፤ አልክድም። እሱም አይቶኛል። እሱም ምንም አላለም። ተግባብተን ነበር።"

አሁን ትከሻዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሁሉም ግን ሊቀመንበሩን ያያል።

"ዝምታዬ ፊውዳላዊ ይሁን ንዑስ ከበርቴያዊ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ኮሚቴው ያጥናልኝ። እስከዚያው በቀን የሃያ ቃል ኮታ ይጣልብኝ። ከኮታው በላይ ያመረትኩ እንደሆነ ትርፉን ለኅብረት ሱቅ አስረክባለሁ። እዚያ ከስኳሩም ከዘይቱም የለም፤ ቃል እንኳ ይኑር።"

ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። ያን ያየ ሕዝብ ተለቀቀ። ሽማግሌዎቹ በከዘራቸው መሬት መቱ። እነዚያ ከንፈር ሲመጥጡልኝ የነበሩ ሴቶች እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ። ጎረቤቴ ሽንኩርት ነጋዴዋ "ወላሂ፣ ወላሂ" እያለች ጭኗን ትመታለች። ልጅቷ መጋረጃውን ይዛ ተንጠልጥላለች።

እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። አተረፈን፤ ያን አውቄአለሁ፤ እግዚአብሔርንም በልቤ አመስግኛለሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ከምስጋናው ጋር አብሮ ሌላ ነገር ገባኝ። እባቡ የእኔ ነበር። ሦስቱ ቃል የእኔ ነበሩ። እኔ ስናገራቸው ታዘነልኝ፤ እሱ ሲያነሣቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ደግሞ ሁሉን አስቆ ራሱ አልሳቀም። እንደወጣሁ ባዶ እጄን ወረድኩ።

"ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል" አለ ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ። "ኮታው ጸድቋል።" ጸሐፊውም ጻፈው።

ወደ ቤት ስንሄድ ቀትር ነበር። መንገዱ ላይ ሰው "ስንት ቃል ቀረህ?" እያለ ያስቆመዋል። እኔ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ። ደርሶ አጠገቤ መሄድ ጀመረ።

"ተቆጣሽ?"

"ላስቅህ ነበር የወጣሁት።"

"ገብቶኛል።"

"አልሳቅክም።"

"ያ ሰውዬ እየጻፈ እንዴት ልሳቅ? እኔ ብስቅ በሂስ አፌዘ ይባላል። አንቺም በባሏ አሾፈች ትባያለሽ።" ጥቂት ሄድን። "በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ቃል ከፍርሃት የመጣ ነው።"

ቤት ገብተን በሩን ዘጋው። ኮቱን አወለቀ፤ በርጩማዋን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"አሁን ንገሪኝ" አለ። "ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እዚህ ጸሐፊ የለም።"

ዓይኑ ጠበብ ብሎ ነበር። ልስቅ ነው የሚል ፊት ነበር፤ አሁን ሳስበው። ግን አዳራሹ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው። የእነሱን ሳቅ ጠግቦ መጥቶ የተረፈውን ለእኔ የሚሰጠኝ መሰለኝ።

"የኪነት ቡድኑን ጠይቅ" አልኩትና ምሳ ለማቅረብ ተነሣሁ።

ልጅቷን በዚያው ዓመት ለክፍለ ሀገሩ ኪነት መርጠው ወሰዷት፤ ደግሜ አላየኋትም። ቅናቴ ግን አብሯት አልሄደም። ግለሂሱን ሰው ወደደው። ሰርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ማጀቴ ከተማ ድረስ እየጠሩ ያስደግሙታል፤ ዝምተኛው ልብስ ሰፊ በስተርጅና የአገሩ ተጫዋች ሆነ። ቤት ሲገባ "ኮታዬን ጨርሻለሁ" ይለኛል። እኔ በየሰርጉ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ እባቤን ይዞ ሰውን ሲያስቅ አያለሁ።

በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ ሸሚዝ ሲተኩስ፣ "እስኪ ያንቺን ንገሪኝ" ይለኛል። እኔም "ረስቼዋለሁ" እለዋለሁ። አልረሳሁትም። ሌላው ሁሉ የሕዝብ ሆኖ ነበር፤ እሱ ለምኖኝ ያልሰጠሁት ይህ አንድ ነገር ብቻ በእጄ ቀረ። መያዙ ደስ ይለኝ ነበር። ደርግ ወደቀ፣ ልጆች አደጉ፣ አንዱም ጥያቄ መልስ አላገኘም። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር። ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ጨርቅ ሲቆርጥ መቀሱን አስቀምጦ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ በቃ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አንድ የድሮ ደንበኛው ኀዘኑን ላቅልል ብሎ ኮታውን አነሣ። ሰው ይወደዋልና አዳመጠው። አነጋገሩ ግን እንዲህ ነበር። "ሚስቱ ቀበሌ ሄዳ ከሰሰችው፤ እሱ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው።"

ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ ገለጥኩ።

"አልከሰስኩትም" አልኩ። "ላስቀው ነው የወጣሁት።"

ምን ብዬ እንደወጣሁ ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ሦስቱን ቃል፣ ሽማግሌዎቹን፣ እባቡን። ለቅሶ ሲጮህ የሰነበተ ድምፅ ነው፤ ጎርነን ብሏል፤ አልቸኮልኩም። "ከጠዋት ጀምሮ አለ አሉኝ" ስል ከወንዶቹ በኩል አንዱን ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። ልጆቼ ሳቁ። ለቀስተኛው ሁሉ፣ ለእሱ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ዓይኑን እየጠረገ በእኔ ሳቀ።

ዝም እንዲሉ ፈለግሁ። ለእሱ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ያን ሁሉ ዓመት የነፈግሁትን እነሱ ሳይለምኑኝ ወሰዱት።